መፍቻው ያብረቅርቅ ያለው ማነው? ስለ አሮጌ የጦር መኪና መሣሪያዎች የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

ወሎ ውስጥ አሮጌ የጦር መኪና መሣሪያ ብርቅ አይደለም። ጣሊያን ደሴን ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ከያዘ በኋላ ካሚዮኖቹ ገቡ። ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ከተማዋን ያስለቀቀው የደቡብ አፍሪካ ብርጌድም የእንግሊዝ ጦር ዕቃ ይዞ መጣ። ከአሜሪካ ጋር ከተደረገው የ1945 ዓ.ም. የጦር ውል በኋላ የአሜሪካ ጂፕ፣ ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የሶቪየት ዋዝ፣ ዚልና ኡራል ተከተሉ። መኪኖቹ ተቆራርጠው ለቁራሌ ሲሸጡ መፍቻው፣ ክሪኩና አካፋው በየጋራዡ ጥግ ቀረ። ዕቃው ለዓመታት ያለ ችግር ይተኛል፤ ጉዳት የሚደርስበት አንድ ሰው “ላድሰው” ብሎ የተነሳ ቀን ነው።

“ዝጓል? በግራይንደር በለው!”

ይህ ምክር ያጠፋውን ያህል መሣሪያ ዝገት ራሱ አላጠፋም። ዝገት ለ80 ዓመት ያልበላውን የፋብሪካ ማህተም የሽቦ ብሩሽ የገጠመ ግራይንደር በ2 ደቂቃ ጠርጎ ይወስደዋል። የአሮጌ መሣሪያ ዋጋው ቆዳው ላይ ነው፦ የተመታው ምልክት፣ የቁጥሩ አጻጻፍ፣ ፋብሪካው ያጠቆረው ወይም የለበጠው ገጽ። እሱ ከተፋቀ የቀረው ማንኛውም ሱቅ ውስጥ የሚገኝ ብረት ነው፤ “እንዴት አማረ!” ማለት አያድነውም።

ሌላም ጉዳት አለ። የመጥረቢያ ስለት፣ መሮና የካቻቢቴ ጫፍ ጠንካራ የሆኑት ፋብሪካው አግሎ፣ አቀዝቅዞ፣ እንደገና በልኩ አሙቆ ስለሠራቸው ነው። ግራይንደር ሲያርፍባቸው ጫፋቸው መጀመሪያ የገለባ ቀለም ይይዛል፤ ያኔ ሙቀቱ 220 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሰማያዊ ከሆነ 300 ገደማ ደርሷል። ሰማያዊ ስለት ለስልሷል፤ ቢስሉትም ወዲያው ይደነዝዛል።

ትክክለኛው መንገድ ቀርፋፋ ነው፤ ለዚህም ሳይሆን አይቀርም የሚጠላው። መጀመሪያ ዕቃውን እንዳለ ፎቶ አንሱት። ከዚያ በነጭ ጋዝና በጥርስ ብሩሽ ግራሶውን እጠቡ። ዝገት የመሰላችሁ አብዛኛው የደረቀ ዘይትና አቧራ ሆኖ ይገኛል፤ ብዙ መፍቻ ሥራው እዚሁ ያልቃል። ቀላል ዝገት ከቀረ ቀጭን የብረት ሱፍ በዘይት ነክሮ በእጅ ማሸት ይበቃዋል።

ወፍራም ዝገት ላለበትና ምንም ልባጥ ለሌለው ብረት አቼቶ ይሠራል፦ 5 በመቶ የሆነውን ተራውን፣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት፣ በየጥቂት ሰዓቱ እያወጡ እያዩ። ረስቶ ለሳምንት የተወው ሰው የሚያገኘው ግራጫና ጉድጓዳ ብረት ነው። ሲወጣ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ 10 ደቂቃ መዘፍዘፍ፣ ማለቅለቅ፣ ማድረቅ፣ በዚያው ደቂቃ ዘይት መቀባት። ዘይቱ ለነገ ካደረ ቡናማ ዝገት ቀድሞ ይይዘዋል። ዚንክ ወይም ካድሚየም የተለበጠ ዕቃ ግን አቼቶ ውስጥ አይገባም፤ ልባጡን ይበላዋል።

በኤሌክትሪክ ማጽዳት ከአቼቶ ይሻላል፣ በትክክል ከተሠራ። የፕላስቲክ ባልዲ፣ በ4 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት)፣ የ12 ቮልት ባትሪ ቻርጀር። ነጌቲቩ መሣሪያው ላይ፣ ፖዘቲቩ ቁራጭ ብረት ላይ ይታሰራል፤ ሁለቱ አይነካኩ። ገመዱ ከተገላበጠ የሚበላው መሣሪያው ነው። በሶዳው ፈንታ የወጥ ጨው የሚጨምሩ አሉ፤ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው። ለፖዘቲቩ የማይዝግ ብረት የሚጠቀሙም አሉ፤ ውሃው መርዛማ ክሮሚየም ይይዛል። በትክክል ሲሠራም ሃይድሮጂን ስለሚወጣ ሥራው ደጅ ነው፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ። ቻርጀሩ ሳይነቀል እጅ አይገባም። አሉሚኒየምም አይገባም።

“የባትሪ አሲድ ቶሎ ያጸዳል።” አዎ፣ ከብረቱ ጋር። በተጨማሪም አሲዱ የሚፈጥረው ሃይድሮጂን ጠንካራ ብረት ውስጥ ይሰርግና ሞላና የመሳሰለውን ድንገት የሚሰበር ያደርገዋል።

“የጦር ዕቃ ሁሉ አረንጓዴ ነው።” አይደለም። ከመኪናው ውጭ የሚታሰሩት አካፋና መጥረቢያ ቀለም ይቀባሉ፤ በሸራ ተጠቅልለው የሚቀመጡት መፍቻዎች ግን በአብዛኛው የጠቆሩ ወይም የተለበጡ ናቸው። መፍቻ አፍ ውስጥ የገባ ቀለም ልኩን ያጠባል፣ ከዚያም ተልጦ ዳዶው ላይ ይቀራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ክሮም ለሌላ ስለተፈለገ አሜሪካኖች ብዙ የእጅ መሣሪያ በካድሚየም ለብጠዋል። ካድሚየም ሲፋቅም ሲግልም መርዝ ነው፤ ነጣ ያለ ደብዛዛ ልባጥ ያለውን በነጭ ጋዝ አጥባችሁ ተዉት። አሮጌ ቀለምም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፈገፈግም።

“ባለ አምስት ማዕዘኑ ማህተም የሶቪየት ጦር ምልክት ነው።” የመንግሥት የጥራት ምልክት ነው፤ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተራ የሲቪል ዕቃም ላይ ይመታ ነበር። አጠገቡ ያለው ቁጥርም ብዙ ጊዜ የሩብልና የኮፔክ ዋጋ ነው። የጦር ንብረትነትን የሚናገረው ምልክት የእንግሊዞቹ ሰፊ ቀስት (እንደ ወፍ እግር ጫፋቸው የተገናኘ ሦስት መስመር) ነው፤ እሱን ደግሞ ሰው የጭረት ጠባሳ መስሎት ይፍቀዋል።

“ስብስቡ አንድ ፋብሪካ ካልሆነ ኦሪጅናል አይደለም።” የጦርነቱ ጂፕ መሣሪያ ከብዙ አምራቾች ተሰብስቦ ነው የተሰጠው። አንድ ዓይነት ለማድረግ የምትጥሉት ምናልባት ትክክለኛውን ነው።

“13 ቁልፍ ከግማሽ ኢንች ጋር አንድ ነው።” ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። ያቺ 0.3 የዳዶውን ጠርዝ ታሾራለች፣ የመፍቻውን አፍ ትከፍታለች። ዊትዎርዝ በሚባለው የእንግሊዝ የብሎን ልክ የተሠራ መፍቻ ደግሞ ላዩ ላይ የተጻፈው የብሎኑ ውፍረት እንጂ የአፉ ስፋት አይደለም፤ በጽሑፉ ብቻ የሚመርጥ ሁልጊዜ ይሳሳታል።

“የጎማው ዳዶ እምቢ ካለ መፍቻው ላይ ቱቦ ጨምር።” በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጂፕ በግራ በኩል ያሉት ጎማዎች ጥርሳቸው ተገላቢጦሽ ነው፤ የሚፈቱት ወደ ቀኝ በማዞር ነው። በቱቦ የተሰበረው ኦሪጅናል መፍቻ ብዙውን ጊዜ እያጠበቀ ሳለ ነው የተሰበረው።

“የመጥረቢያው እጀታ ከላላ ውሃ ውስጥ አሳድረው።” ይህን የማያደርግ ቤት የለም። እንጨቱ ሲያብጥ ብረቱ ስለሚጨፈልቀው፣ ሲደርቅ ከበፊቱ ይበልጥ ይላላል። መፍትሔው ሽብልቁን መልሶ መምታት፣ ጫፉን በተልባ ዘይት ማጥገብ ነው። እጀታውንም በስሱ ቀብቶ፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ የተረፈውን መጥረግና ቀናት ቆይቶ መድገም። የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ግን ጠቅልላችሁ አትጣሉት፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል፣ የተከመረ ጨርቅ ያለ ክብሪት ይቀጣጠላል። ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ክተቱት።

“ክሪክ ውስጥ የፍሬን ዘይት ቢገባም ያው ዘይት ነው።” ያው አይደለም። ጎሚኒውን አሳብጦ ያበላሻል፤ የሚገባው የሃይድሮሊክ ዘይት ነው። የታደሰ አሮጌ ክሪክ ለማሳያ ነው፤ በእሱ ተነስቶ ስሩ የሚገባ መኪና የለም።

ሣጥኑ ውስጥ ምንነቱ ያልታወቀ፣ ጥይት ወይም የቦምብ ማፈንጃ (ፊውዝ) የሚመስል ነገር ከተገኘ አይነካም፣ አይጸዳም፤ ፖሊስ ይጠራል።

ስለ ማስቀመጥ ደግሞ “የተቃጠለ ዘይት ቀብተህ በሸራው ጠቅልለው” ይባላል፤ ሁለት ስህተት በአንድ ዓረፍተ ነገር። የተቃጠለ ዘይት አሲድና ውሃ ይዟል። ሸራው ደግሞ የደሴን የክረምት ጉም ጠጥቶ ብረቱ ላይ ያቆየዋል፤ የቆዳ ማሰሪያ ካለው ይብሳል። ደብሊው ዲ 40 የሚረጩም ውሃ ማባረሪያ እንጂ የዓመታት መከላከያ አለመሆኑን ይወቁ። ብረቱን በንጹሕ ግራሶ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት፣ ወይም የንብ ሰም በነጭ ጋዝ አሟሙታችሁ፤ የምታሟሙት ሰሙን በሙቅ ውሃ ላይ አቅልጣችሁ፣ ከእሳት አርቃችሁ ነው። ሸራውን በደረቅ ብሩሽ አራግፉት፤ ኦሞ ውሃ የማያስገባውን ሰም ያወጣዋል። ከመሣሪያው ለይታችሁ ሰፋ አድርጋችሁ ጠቅልሉት፣ ሣጥኑንም ከሲሚንቶ ወለል ላይ በእንጨት ከፍ አድርጉት። በሐምሌና በነሐሴ በየሁለት ሳምንቱ ክፈቱና እዩ፤ መጀመሪያ የሚዝገው ጣት የነካው ቦታ ነው።