በሉካ ግንብ ውስጥ ስለ ማደር የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በጣልያን ቶስካና ክልል በምትገኘው በሉካ ከተማ፣ የድሮውን ከተማ ዙሪያውን በከበበው ግንብ ውስጥ ባለ አንድ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ እንግዳ መቀበል ከጀመርሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ እጅግ የሰለቸኝ አንድ አባባል አለ፤ ከስቶክሆልም፣ ከዋሽንግተንና ከአዲስ አበባ የሚደውሉልኝ ወገኖቼ ሁሉ ይሉታል፦ «ክፍል ስለያዝን መኪናችንን እስከ በሩ እንነዳለን»።

ክፍል መያዝ መኪና ይዞ ለመግባት ፈቃድ አይሆንም። በግንቡ ውስጥ ያለው የከተማው ክፍል በአብዛኛው የተሽከርካሪ እንቅስቃሴ የተገደበበት ክልል ሲሆን፣ ጣልያኖች «ዞና ኣ ትራፊኮ ሊሚታቶ» ይሉታል። መግቢያው ላይ ጠርዙ ቀይ፣ መሐሉ ነጭ የሆነ ክብ ምልክት ተተክሏል፤ ከበላዩ ያለው ካሜራ የሚያልፈውን ሁሉ ታርጋ ያነሣል። እንቅፋት የሚሆን ብረትም ሆነ የሚያስቆም ፖሊስ ስለሌለ ሰው የተፈቀደለት ይመስለዋል። የስልክ ካርታም ቢሆን አጭሩን መንገድ እንጂ የእናንተን ፈቃድ አያውቅም።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ግን የሚመጣው ከአንድ ቃል ነው። በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳው ላይ «ቫርኮ አቲቮ» የሚል ጽሑፍ ሲበራ ብዙ እንግዶች መግቢያው ክፍት ነው ማለት ይመስላቸዋል። ትርጉሙ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ቁጥጥሩ በሥራ ላይ ስለሆነ ፈቃድ የሌለው አይግባ ማለት ነው። ሰሌዳው «ኖን አቲቮ» ካላለ በቀር አትግቡ።

ከስዊድን ከሚስታቸውና ከሁለት ልጆቻቸው ጋር የመጡ አንድ አባት ይህንኑ ቃል ተሳስተው አንብበው ገቡ። ሻንጣቸውን አውርደው፣ ደስ ብሏቸው ሦስት ሌሊት አድረው ሄዱ። ከሰባት ወር በኋላ «እህቴ፣ ይህ ደብዳቤ ምንድን ነው?» ብለው የቅጣት ወረቀቱን ፎቶ ላኩልኝ። ማረፊያው የእንግዳውን ታርጋ ለከተማው አስተዳደር ማስመዝገብ ይችል ነበር፤ ለእኔም ከመምጣታቸው በፊት ቁጥሩን መላክ ብቻ በቂ ነበር። ቃሉን በጣልያንኛም «ታርጋ» ስለሚሉት የሚያደናግር ነገር እንኳ የለውም፤ ስለዚህ ሳልጠይቃችሁ በፊት ላኩት።

ቅጣቱ ድንበር አይሻገርም የሚሉም አሉ። የጣልያን የትራፊክ ሕግ በውጭ አገር ለሚኖር ሰው ቅጣቱን ለማሳወቅ 360 ቀናት ይሰጣል። መኪናው የኪራይ ከሆነ ባለሥልጣኑ የተከራዩን ስምና አድራሻ ከአከራዩ ይጠይቃል፤ አከራዩም መረጃውን ስለሰጠ ከካርዳችሁ ላይ የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ይቆርጣል። ብዙዎች ይህን ክፍያ ቅጣቱ ነው ብለው ተገላገልን ይላሉ፤ ዋናው ቅጣት ግን ገና በመንገድ ላይ ነው። ሲደርሳችሁ በአምስት ቀን ውስጥ ከከፈላችሁ 30 በመቶ ይቀነስላችኋል።

እኔ የምመክረው መኪናውን ከግንቡ ውጭ አቁሞ በእግር መግባት ነው። ነጭ መሥመር በነፃ የሚቆምበት፣ ሰማያዊ የሚከፈልበት፣ ቢጫ ደግሞ ለተለዩ ሰዎች የተጠበቀ ነው። ከፒሳ ለሚመጣ ሰው ከመኪና ይልቅ ባቡር ይሻላል፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ብቻ ይፈጃል፣ ጣቢያውም ከደቡቡ ግንብ ፊት ለፊት ነው።

የግንቡ በሮች ማታ ይዘጋሉ የሚባለው ሐሰት ነው።

ግንቡ የመካከለኛው ዘመን ሥራ ነው የሚባለውም ትክክል አይደለም። አሁን የሚታየው፣ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ተጀምሮ በ17ኛው የተጠናቀቀ ነው። ለመድፍ ተብሎ ቢሠራም በጦርነት አልተፈተነም፤ በ1812 የሰርኪዮ ወንዝ ሞልቶ ሲመጣ ግን በሮቹ ተዘግተው ከተማዋን ከጎርፍ አድኗታል።

ፓስፖርት የምንጠይቀው የማረፊያው ባለቤት ስለፈለጉ አይደለም። የእያንዳንዱን እንግዳ ስም በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ የማሳወቅ ግዴታ በሕግ ተጥሎብናል። በነፍስ ወከፍ በየሌሊቱ የሚከፈለው የቱሪስት ቀረጥም ለከተማው እንጂ ለእኛ አይገባም።

ከአሜሪካ የሚመጡ እንግዶች «አንደኛ ፎቅ» ሲባል ከመንገዱ እኩል ያለው ይመስላቸዋል። በጣልያን አቆጣጠር፣ በአገራችንም እንደለመድነው፣ አንደኛ ፎቅ ከምድር ቤቱ በላይ ያለው ነው። በአሮጌ ቤቶች ውስጥ አሳንሰር ብዙ ጊዜ ስለማይኖር፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናታችሁን ይዛችሁ ስትመጡ «ሦስተኛ ፎቅ» የሚለውን ችላ ብላችሁ አትለፉት።

በመጨረሻ የማነሣው ከአዲስ አበባ ለሚመጡ ነው። ፔንሲዮን የሚለውን ቃል ከጣልያንኛ ወስደን በአገራችን ስለለመድነው፣ በእኩለ ሌሊት ቢደርሱም በር የሚከፍት ዘበኛ ያለ ይመስላቸዋል። በእኛ ቤት ማታ የሚያድር ሠራተኛ የለም፤ ስለዚህ የመድረሻችሁን ሰዓት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን ገልጻችሁ ጻፉ። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት «ማታ ሦስት ሰዓት እገባለሁ» ብለው ጻፉ፤ መልእክቱን በስልክ መተርጎሚያ ያነበቡት የቤቱ ባለቤት ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው ብለው ተረዱት። እኔ ሰምቼ እስክደርስ ድረስ እኚያ እናት ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ከአንድ ሰዓት በላይ ከበሩ ውጭ ቆዩ።