«እሺ፣ አንተ ልክ ነህ»

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችን ጋር ይሁን።

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የብሎክ ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። ወሬው ስለ ውሃ ፓምፕ መዋጮ ነው። አንዱ ሒሳቡን ተሳስቷል፤ ደረሰኙ ፊቱ ተቀምጧል። እሱ ግን ድርቅ ይላል። መጀመሪያ «ደረሰኙ ልክ አይደለም» ይላል። ቀጥሎ «እኔ እንደዚያ አላልኩም»። በመጨረሻ ፓምፑ ተረስቶ «እኔን ስለምትጠሉኝ ነው» ላይ ይደርሳል። መሽቷል፣ ሰዉ ደክሞታል። «እሺ፣ አንተ ልክ ነህ» ብለውት ይበተናሉ።

«ትዕቢተኛ ነው» ብሎ ማለፍ ይቀላል። እኔ ግን ከትዕቢቱ ሥር ፍርሃት ይታየኛል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሊዮን ፌስቲንገር በ1957 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ የማይስማሙ ሐሳቦች ውስጡ ሲጋጩ ሰው ይረበሻል፤ ያን ለማብረድም ሰበብ ይፈልጋል። «አስተዋይ ነኝ» እና «ተሳስቻለሁ» አብረው አላድር ይሉታል። በልጅነቱ በተሳሳተ ቁጥር የተዋረደ ሰው ደግሞ ስህተቱን ማመን ራሱን እንደ ማጣት ይሆንበታል።

ሉቃስ 10 ላይ ያለውን ሕግ አዋቂ አስቡት። ጌታ «እውነት መለስህ» ብሎታል። ልክ ነህ ተባለ እኮ! ግን አልበቃውም። «ራሱን ሊያጸድቅ ወድዶ» ሌላ ጥያቄ አመጣ። ይህ ረሃብ በሰው ምስክርነት አይጠግብም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ንስሐ አባታችን ፊት እንኳ ጠበቃ ሆነን መቆማችን ነው። «ተቆጥቻለሁ አባ፣ ግን እሷም…» እንላለን። ጻድቅ ነኝ ያለ ሰው ምን ይቅር ይባላል? በጸሎታችን የምንደግመው መዝሙረ ዳዊት 50 እንዲህ አይልም። ዳዊት «በነገርህም ትጸድቅ ዘንድ» ብሎ ልክ መሆንን ለእግዚአብሔር ተወለት። ምሕረት የለመነው ከዚያ ቦታ ላይ ቆሞ ነው።

ስህተቱን ከማያምን ሰው ጋር የምትኖሩ ደግሞ ሐዋርያት ሥራ 18ን አንብቡ። አጵሎስ መጻሕፍትን የተማረ ነበር፤ የሚያውቀው ግን የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ነው። ድንኳን ሰፊዎቹ አቂላና ጵርስቅላ በምኵራብ ሲናገር ሰሙት። ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ በትክክል ገለጡለት እንጂ ሕዝብ ፊት አላሳፈሩትም። እናንተም ባላችሁን ወይም አባታችሁን በልጆች ፊት አትርቱት። ለብቻው፣ ሲረጋጋ ንገሩት። «ተሳስቻለሁ» ያለ ዕለት ደግሞ «ብዬህ ነበር» የምትለዋን ዋጥ አድርጓት።