«ክንፉ ተጣመመ እኮ!»

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነን። ሊያርፉ ዝቅ ያሉ አውሮፕላኖች በላያችን ያልፋሉ። ሰሞኑን ቡና ላይ ወሬው በአየር ላይ ቅርጹን ስለሚቀይር ክንፍ ሆነ። ከተባለው ግማሹ ስህተት ነበር። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ውሰዱልኝ።)

«የዘንድሮ ፈጠራ ነው።»
ኧረ በጭራሽ! ከአውሮፕላን ጋር አብሮ የተወለደ ነው። በ1899 ብስክሌት ሠሪው ዊልበር ራይት የከመነዳሪ ካርቶን በእጁ ሲጠመዝዝ አንዱ ጫፍ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ዞረ። ክንፍስ እንዲህ ቢሆን? በ1903 ወንድሙ ኦርቪል ለ12 ሰከንድ ሲበር አይለሮን የሚባል ነገር አልነበረውም። አይለሮን ዛሬ በክንፍ ጠርዝ ላይ ከፍ ዝቅ የምትለዋ ናት። ኦርቪል በሆዱ ተኝቶ ዳሌውን ግራና ቀኝ ሲያንቀሳቅስ ሽቦዎች የክንፉን ጫፎች ይጠመዝዙ ነበር። ባንዱ በኩል ወደ ላይ የሚያነሳው ኃይል ይጨምራል፣ በሌላው ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑ ያዘነብላል። ክንፉ እንጨትና ጨርቅ ስለሆነ እሺ ይላል። ፍጥነትና ክብደት ሲመጣ ግን ክንፍ መጠንከር ነበረበት። ጠንካራ ክንፍ ደግሞ አልጠመዘዝም አለ። አይለሮን ያሸነፈችው ያኔ ነው።

«787 ላይ ክንፉ ወደ ላይ ሲጎብጥ በመስኮት አይቻለሁ፤ እሱ ነው።»
አይደለም። የሚያጎብጠው አውሮፕላኑን ተሸክሞ ወደ ላይ የሚያነሳው ኃይል ነው። ለማዘንበል 787ም አይለሮንና ስፖይለር (ከክንፉ ላይ ብድግ የሚል ሳህን) ይጠቀማል።

«ፍላፕ ሲወጣስ? ክንፉ ተጣመመ እኮ!»
ይህቺ የጎረቤቴ ናት፤ ግማሽ እውነት አላት። ቅርጹ በእርግጥ ይቀየራል። ግን ፍላፕ ለመነሳትና ለማረፍ ከክንፉ ኋላ ተንሸራቶ የሚወጣ ለብቻው የሆነ አካል ነው፤ ክፍተትም ይተዋል። በዚያ ክፍተት የሚሾልከው አየር ይጮኻል። ቅርጹን የሚቀይር ክንፍ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ክንፉ ሳይሰነጠቅ ይታጠፋል።

«ናሳ ጨርሶታል።»
ሞክሮታል። በ2014 በአንድ ገልፍስትሪም ጄት ላይ የፍላፖቹን ቦታ ክፍተት በሌለው ተጣጣፊ ጠርዝ ተክቶ አበረረ። ወደ ታች እስከ 30 ዲግሪ ይታጠፋል። ነገር ግን በሙከራው ጠርዙ በአንድ ማዕዘን ተቆልፎ ነበር የሚበረው፤ አይለሮኖቹም አልተነሱም። ከባዱ ነገር ቆዳው ነው። እንዲታጠፍ መለስለስ፣ ቶን እንዲሸከም ደግሞ መጠንከር አለበት።

«ወፍ በክንፏ ብቻ ታደርገው የለ?»
ቀና ብላችሁ እዩ። ሥጋ ለመንጠቅ የምታንዣብበው ጭልፊት ስትታጠፍ ጭራዋንም ታዞራለች።