የሞተር ሳይክል ኩላንት ምንድን ነው? ቀለሙስ ምን ይነግረናል?

«አረንጓዴ ከአረንጓዴ፣ ቀይ ከቀይ ጋር ይቀላቀላል፤ ከዚያ ያለፈው ሁሉ የሻጮች ወሬ ነው» የሚል ምክር ሰሞኑን እንደገና አነበብኩ። መካሪው በቅንነት እንደጻፈው አልጠራጠርም፤ ይሁን እንጂ በዚሁ ምክር የተበላሹ የውሃ ፓምፖችን ከአንድ ጊዜ በላይ ፈትቼ ስላየሁ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ኩላንት ውሃ፣ ግላይኮል (በአብዛኛው ኤቲሊን ግላይኮል) እና የሞተሩን ብረቶች ከመበላት የሚጠብቁ ኬሚካሎች የተዋሐዱበት፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዝ ፈሳሽ ነው። ሙቀቱን በዋናነት የሚሸከመው ውሃው ሲሆን፣ ግላይኮሉ ፈሳሹ በረዶ እንዳይሠራና ቶሎ እንዳይፈላ ያደርጋል። በመጠን ከሁሉም የሚያንሱት መከላከያ ኬሚካሎች ግን አንዱን ኩላንት ከሌላው የሚለዩት እነርሱ ናቸው። ቀለሙ ከእነዚህ ውስጥ የለበትም። ፈሳሹ ከውሃ እንዲለይና ሲያፈስ በቀላሉ እንዲታይ የሚጨመር ማቅለሚያ ብቻ ነው፤ የትኛው ቀለም የትኛውን ቅመም እንደሚያመለክት ሁሉም አምራቾች የሚገዙበት ደንብም የለም።

ነገሩን በልጆች ሽሮፕ ማየት ይቻላል። የሳሉም የትኩሳቱም ሽሮፕ ቀይ ሊሆን ይችላል፤ ቀለማቸው ስለተመሳሰለ ግን ሁለቱን በአንድ ጠርሙስ የምትገለብጥ እናት የለችም፤ የምታነበው በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ነው። በኩላንትም ሊነበብ የሚገባው ስለ መከላከያ ኬሚካሎቹ የሚናገረው ጽሑፍ ነው፦ ሲሊኬት አለው ወይስ የለውም? ፎስፌት አለው? ወይስ በኦርጋኒክ አሲድ የተሠራ ነው? ሲሊኬት አሉሚኒየምን ፈጥኖ ይሸፍናል፤ ነገር ግን የውሃ ፓምፑን ማኅተም (ፈሳሹ እንዳያፈስ የሚዘጋውን ክፍል) ይፍቃል ተብሎ ስለሚታመን ብዙ የጃፓን ሞተር ሳይክሎች መመሪያ ሲሊኬት የሌለበትን ይጠይቃል። ፎስፌት ደግሞ ማዕድን ከበዛበት ውሃ ጋር ሲገናኝ ቅርፊት ይሠራል። እነዚህ ሁሉ በአረንጓዴ ቀለም ሊሸጡ ይችላሉ።

«ለዓመታት ቀላቅያለሁ፣ ምንም አልሆነም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ሞተሩ በማግስቱ አይቆምም። ብዙውን ጊዜ የሚሆነው መከላከያዎቹ ከዕድሜያቸው በፊት ማለቃቸው ነው፤ አንዳንድ ቅይጥ ግን ይረጋል። በአንድ ወቅት ሁለት «አረንጓዴ» የተቀላቀሉበትን ራዲያተር ስከፍት በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በጣት የሚጠረግ ለስላሳ ዝቃጭ ተለጥፎ አገኘሁ። ከውሃ ፓምፑ ሥር ካለችው ትንሽ ቀዳዳም ነጣ ያለ የደረቀ መስመር ወርዶ ነበር። ያቺ ቀዳዳ ማኅተሙ ማለቁን እንድትነግረን ሆን ተብሎ የተበጀች ስለሆነች በሙጫ መድፈን አይገባም።

ወደ ቅልቅሉ ስንመጣ የሽሮፑ ምሳሌ አሁንም ይሠራል። በዱቄት የሚሸጥ ሽሮፕ አለ፣ ውሃው እስከ ምልክቱ ድረስ ይጨመርበታል፤ ተበጥብጦ የሚሸጥም አለ፣ እርሱ ላይ ውሃ የሚጨምር መድኃኒቱን ያዳክማል። ኩላንትም ያልተበረዘና የተበረዘ ሆኖ ይሸጣል። ግማሽ በግማሽ የተበረዘውን እንደገና በእኩል ውሃ የሚያቀጥን ሰው ግላይኮሉን ወደ 25 በመቶ ያወርደዋል፣ መከላከያውንም በግማሽ ይቀንሳል። ሞተር ሳይክል የሚይዘው ባብዛኛው ከ1 እስከ 3 ሊትር ስለሆነ በመኪና ላይ ብዙም የማይታይ ስሕተት እዚህ ይጎላል።

ማብዛቱም አይጠቅም። ግማሽ በግማሽ ቅልቅል እስከ −37 ዲግሪ ገደማ በረዶ አይሠራም፤ ንጹሕ ኤቲሊን ግላይኮል ግን −13 ገደማ ላይ ይረጋል፣ በእኩል ክብደት የሚሸከመው ሙቀትም የውሃውን ሁለት ሦስተኛ አይሞላም። ቅልቅሉ በክፍት ዕቃ ወደ 107 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ግፊት የሚይዘው ክዳን ሲጨመርበት ከ120 ይሻገራል፣ ይህ ግን የክዳኑ ሞላ ካልደከመ ነው። ሞተሩ እንደጋለ ክዳኑን መክፈት ለከባድ ቃጠሎ ይዳርጋል። ለመበረዝ የሚያገለግለው ውሃ የተጣራ (ዲስቲልድ) መሆን አለበት፤ ለባትሪ ከሚሸጠው አሲድ ጋር እንዳይምታታ ደግሞ በጣም እንጠንቀቅ።

ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ ያልታወቀ ሞተር ሲገጥም ቀለሙን አይቶ መሙላት ሳይሆን ሁሉንም ማፍሰስ፣ ጥርት ያለ ውሃ እስኪወጣ በተጣራ ውሃ ማጠብ፣ ከዚያም መመሪያው የሚጠይቀውን ዓይነት መሙላት ይገባል። ካጠቡ በኋላ በሞተሩ ውስጥ ውሃ ስለሚቀር፣ የተበረዘውን መሙላት ሳያስቡት ማቅጠን ነው። እኔ ያልተበረዘውን እመርጣለሁ፦ መመሪያው ከሚሰጠው ጠቅላላ መጠን ግማሹን ለክቼ አስቀድሜ እጨምርና ቀሪውን በተጣራ ውሃ እሞላለሁ። የፈሰሰውንም ወዲያውኑ በተከደነ ዕቃ አኖራለሁ፤ ኤቲሊን ግላይኮል ጣፋጭ መርዝ ስለሆነ ውሻም ሕፃንም ሊቀምሰው ይችላል።