ጠይቡ ባስልኤል

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ዘጸአት 31 ላይ እግዚአብሔር አንድ ሰው በስሙ ይጠራል። ባስልኤል ይባላል፤ የኡሪ ልጅ፣ ከይሁዳ ነገድ። የእግዚአብሔር መንፈስ እንደሞላበት ተጽፏል። ይህን ስንሰማ ብዙዎቻችን ትንቢት ወይም ስብከት እንጠብቃለን። ባስልኤል ግን የተሞላው ወርቅ፣ ብርና ናስ እንዲሠራ፣ ዕንቁ እንዲቀርጽ፣ እንጨት እንዲጠርብ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ጥበብ ይለዋል። ሰሎሞን ሲፈርድ ሕዝቡ ያየበትም ጥበብ በዚሁ ቃል ነው የተጠራው። መዝሙር 107 ላይም ማዕበል የያዛቸው መርከበኞች ጥበባቸው ተዋጠ ሲል የባሕር ሙያቸውን ማለቱ ነው።

እስቲ ባስልኤል ለመገናኛው ድንኳን የሠራውን መቅረዝ እንየው። የተሠራው ከአንድ መክሊት ጥሩ ወርቅ ነው፤ ከ30 ኪሎ በላይ እንደሚሆን ይገመታል። እግሩ፣ አገዳው፣ ስድስቱ ቅርንጫፎች፣ የለውዝ አበባ የሚመስሉት ጽዋዎች ሁሉ ከዚያው ወርቅ ተቀጥቅጠው ይወጣሉ። ለየብቻ ተሠርቶ የሚገጠም የለም። መዶሻው ከበረታ ወርቁ ይሳሳል፣ ይሰነጠቃል። መንፈሱ የተሰጠው ለዚህ ሥራ ነው፤ ለእጅ፣ ለዓይን፣ ለትዕግሥት።

እኛስ ብረት ቀጥቃጩን ምን አልነው? «ጠይብ»። ቃሉ የ«ጠቢብ» ዘመድ ነው፤ እኛ ግን ስድብ አደረግነው። ማረሻውን ከእጁ ተቀብለን «ቡዳ ነው» አልን። ልጃችንን አልዳርንለትም። ሸክላ ሠሪዋን፣ ቆዳ ፋቂውን፣ ሸማኔውን ናቅን። ሸማኔው የሠራውን ጥለት ግን «ጥበብ» ብለን ለበዓል ለብሰነዋል። በጎንደር አካባቢ የኖሩት ቤተ እስራኤልም በቀጥቃጭነታቸውና በሸክላ ሥራቸው ይህንኑ ስድብ ተሸክመዋል። «ባህል ነው» ብለን ልናልፈው አይገባም፤ ኃጢአት ነው። እግዚአብሔር መንፈሴን ሞላሁበት ያለውን ሥራ እኛ የርኩስ መንፈስ አልነው።

ዘጸአት 35 ደግሞ የፍየል ጠጉር የፈተሉትን ሴቶች አይረሳም። ባስልኤልና ከዳን ነገድ የሆነው ኤልያብ ሌሎችን እንዲያስተምሩም እግዚአብሔር በልባቸው አኖረ። ሙያውን ከረዳቱ የሚደብቅ ባለሙያ ካለ ይህችን ቁጥር ደጋግሞ ያንብባት።

ሥራው ሲያልቅ ሙሴ ሁሉንም አየና ሠራተኞቹን ባረካቸው። እኛ ለሰባኪና ለዘማሪ እጅ ጭነን እንጸልያለን፤ ደግ ነው። ለበያጁ፣ ለልብስ ሰፊዋ፣ ለአናጺውስ? በዚህ ሳምንት ስማቸውን እየጠራን እንጸልይላቸው። ወርክሾፓቸው ድረስ ሄደን ብንጸልይላቸው ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል።