ብርድ ሽሽት፦ ስፔን ባሕር ዳርቻ ቤት መግዛት

የሰሜን አውሮፓ ሰው ጡረታው ሲቃረብ ከሚመኛቸው ነገሮች አንዱ ስፔን ባሕር ዳርቻ ላይ አነስ ያለች አፓርታማ ናት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ታኅሣሥ ላይ ስቶክሆልም ብርሃን የሚታየው በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ነው። በዚያው ሰሞን አሊካንቴ ውስጥ ሰው ካፌ ደጃፍ ፀሐይ እየሞቀ ቡናውን ይጠጣል፤ ቴኔሪፌ ደሴት ደቡብ ዳርቻ ላይ ደግሞ ቀን ቀን ሙቀቱ ብዙ ጊዜ 20 ዲግሪ ያልፋል።

ነገሩ የተጀመረው አምባገነኑ ጄኔራል ፍራንኮ ስፔንን ይገዛ በነበረበት ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 አገሪቱ ኢኮኖሚዋን ከፈት አደረገች (እዚህ ያሉት ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1960ዎቹ ቻርተር አውሮፕላኖች ቱሪስት ማራገፍ ጀመሩ፤ እንደ ቤኒዶርምና ቶሬሞሊኖስ ያሉ የዓሣ አጥማጅ መንደሮችም በፎቅ ተሞሉ። ስፔን በ1986 የአውሮፓ ማኅበረሰብን ስትቀላቀል፣ ኋላም ርካሽ በረራና ዩሮ ሲመጣ፣ ለሽርሽር የሚመጣው ሰው ቤት ገዢ ሆነ። ዛሬ በአሊካንቴ አውራጃ ከ100 ቤት ገዢ ከ40 በላይ የሚሆነው የውጭ ዜጋ ነው። ቶሬቪዬሃ ከተማ ብትሄዱ ከሐምራዊው የጨው ሐይቅ አጠገብ የስዊድን፣ የእንግሊዝና የሩሲያ ቋንቋ በአንድ ሱቅ ውስጥ ትሰማላችሁ።

ቦታ ሲመረጥ ሦስት አካባቢዎች በብዛት ይነሳሉ። ኮስታ ማለት ባሕር ዳርቻ ነው። ኮስታ ብላንካ (አሊካንቴ) ዋጋው ቀለል ይላል። ኮስታ ዴል ሶል (ማላጋና ማርቤያ) ወደድ ይላል። የካናሪ ደሴቶች ደግሞ ወደ አፍሪካ የተጠጉ ስለሆኑ ለብርድ ወራት የሚስተካከላቸው የለም። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። ሁለቱ ኮስታዎች ላይ ኪራይ የሚደራው ሐምሌና ነሐሴ ስለሆነ እናንተ ጥርና የካቲትን ኖራችሁበት የሙቀቱን ወራት ማከራየት ትችላላችሁ። ካናሪ ላይ ግን እናንተ የምትፈልጉት ወር ተከራዩም የሚሻማበት ወር ነው፤ ስለዚህ የኖራችሁበት እያንዳንዱ ሳምንት ከገቢያችሁ ላይ ይቀነሳል። ፀሐዩንም ኪራዩንም እኩል እናገኛለን ብሎ መነሳት እንደ ቦታው ይለያያል፤ ደላላ ግን ይህን አይነግራችሁም።

ሌላው ቤቱ ራሱ ነው። የኮስታዎቹ አሮጌ አፓርታማዎች አብዛኞቹ ለሙቀት ወራት የተሠሩ ናቸው። ወለሉ ሴራሚክ፣ መስኮቱ ስስ፣ ማሞቂያውም ብዙ ጊዜ አንድ ኤሲ ብቻ ነው። ጥር ላይ አሊካንቴ ቀን 17 ዲግሪ ይሆንና ሌሊት ወደ 6 ወይም 7 ይወርዳል። ባሕሩ ቅርብ ስለሆነ እርጥበት አለ፤ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ግድግዳው ይሻግታል። ፊቱ ወደ ደቡብ የሆነ ቤት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲያገኝ ወደ ሰሜን የዞረው ግን ውጭ ሞቆ ውስጡ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ቤቱን ነሐሴ ላይ ሳይሆን ጥር ላይ፣ ያውም አመሻሽ ላይ እዩት።

ወደ ግዢው ስንመጣ፣ መጀመሪያ ኤንአይኢ የሚባለውን የውጭ ዜጋ መለያ ቁጥር ታወጣላችሁ። ያለ እሱ ግብርም መክፈል ቤቱንም በስማችሁ ማስመዝገብ አይቻልም። ቀጥሎ ጠበቃ። ጠበቃው ከሻጩም ከደላላውም ጋር የማይሠራ መሆን አለበት፣ ይህ ለድርድር አይቀርብም። ጠበቃችሁ ከንብረት መዝገቡ ኖታ ሲምፕሌ የሚባል ማስረጃ ያወጣል፤ 10 ዩሮ ገደማ የሚያስከፍል ወረቀት ሲሆን ባለቤቱ ማን እንደሆነና ዕዳና እገዳ መኖሩን ያሳያል። ከዚያ ቀብድ ይከፈላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዋጋው 10 በመቶ። ሕጉ ለእኛ ሰው አዲስ አይደለም። በተለመደው የቀብድ ውል ገዢ ከቀረ ቀብዱ ይቀርበታል፣ ሻጭ ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል፤ የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግም እንዲሁ ነው የሚለው። መጨረሻ ኖታሪዮ (በመንግሥት የተሾመ ውል አጽዳቂ) ፊት ቀርባችሁ ትፈርማላችሁ። ኖታሪዮው ማንነታችሁንና ውሉን ያያል እንጂ ቤቱ በሕጋዊ የግንባታ ፈቃድ መሠራቱን አያጣራላችሁም።

ወጪው እንደ ክልሉ ይለያያል። አንዳሉሲያ ውስጥ ያገለገለ ቤት በ200 ሺህ ዩሮ ብትገዙ የዝውውር ግብሩ 7 በመቶ ነው፣ 14 ሺህ ዩሮ። ኖታሪዮ፣ ምዝገባና ጠበቃ ሲጨመር ወደ 20 ሺህ ይጠጋል። በዋናው ስፔን አዲስ ቤት ከሆነ ተጨማሪ እሴት ታክሱ 10 በመቶ ሲሆን የቴምብር ቀረጥ ይታከልበታል። ከዚያ በየዓመቱ ኢቢ የሚባል ለማዘጋጃ ቤት የሚከፈል የቤት ግብርና የጋራ ሕንጻው መዋጮ አለ። የቀድሞው ባለቤት መዋጮ ካልከፈለ የያዝነው ዓመትና ያለፉት ሦስት ዓመታት ዕዳ ከቤቱ ጋር ወደ ገዢው ይተላለፋል። ቤቱን ባታከራዩትም ግብር አለ፦ የካዳስተር ዋጋው (መንግሥት ለቤቱ የመዘገበው ዋጋ) 80 ሺህ ዩሮ ከሆነና በ1.1 በመቶ ከተሰላ 880 ዩሮ እንዳገኛችሁ ይቆጠራል። የአውሮፓ ኅብረት፣ የኖርዌይና የአይስላንድ ነዋሪ ከዚህ ላይ 19 በመቶ ይከፍላል፣ እንደ እንግሊዝ ካሉ አገሮች የመጣው 24። ስቶክሆልም የሚኖረውና ለንደን የሚኖረው ወንድሙ ለአንድ ዓይነት ቤት የተለያየ ይከፍላሉ ማለት ነው።

ስፔን ቤት ገዝቶ ያለቀሰ ሰው ብዙ ነው። በ2006 የማርቤያ ከተማ ምክር ቤት በመሬትና በግንባታ ፈቃድ ሙስና ምክንያት በማዕከላዊው መንግሥት ተበተነ። በጥር 2008 አልሜሪያ አውራጃ ቬራ ላይ ማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ የሰጣቸው የእንግሊዝ ጡረተኛ ባልና ሚስት ቤታቸው በዶዘር ፈረሰባቸው፤ ክልሉ ፈቃዱ ሕገወጥ ነው ብሎ ነበር። በዚያው ዓመት የቤት ገበያው ሲወድቅ ገና ላልተሠራ ቤት የከፈሉ ብዙዎች ገንዘባቸው ቀልጦ ቀረ። ቅድሚያ ክፍያ በባንክ ዋስትና እንዲያዝ የሚያዝ ሕግ ከ1968 ጀምሮ ነበር፣ ሥራ ላይ የሚያውለው ጠፋ እንጂ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2015 ገንዘቡን የተቀበሉ ባንኮች ተጠያቂ ናቸው ብሎ ከወሰነ በኋላ ብዙዎች አስመልሰዋል። አሁንም ገና ከወረቀት ያልወረደ ቤት የሚገዛ ሰው የባንክ ዋስትናውን በእጁ ሳይዝ አንድ ዩሮ እንዳይከፍል እላለሁ።

ኢንቨስትመንቱን በተመለከተ ነገሩ እየጠበበ ነው። ከሚያዝያ 3 ቀን 2025 ጀምሮ በጋራ ሕንጻ ውስጥ ለቱሪስት ማከራየት ለመጀመር ከባለንብረቶቹ ሦስት አምስተኛው መስማማት አለባቸው። በዚሁ ቀን የ500 ሺህ ዩሮ ቤት ለገዛ የመኖሪያ ፈቃድ ይሰጥ የነበረው ወርቃማ ቪዛ ተዘጋ። ስለዚህ ቤት መግዛት ዛሬ ቪዛ አያስገኝም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ቤቱን ለማየትም የሸንገን ቪዛ ይጠይቃል፣ እንግሊዛዊውም ከብሬግዚት (እንግሊዝ ከኅብረቱ ከወጣች) በኋላ ያለ ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ ከ90 በላይ አይቆይም። የስፔን መንግሥት እንዲህ ያጠበቀው በከንቱ አይደለም። በሚያዝያ 2024 ካናሪ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሰልፍ ወጥቶ ቱሪዝሙ ልክ ይኑረው አለ። በሆቴል የሚሠራ ወጣት በተወለደበት ከተማ የሚከራየው ቤት ሲያጣ ማየት ያማል፣ ቁጣቸውም ትክክል ነው። እኔ ብጠየቅ የምመክረው ለመኖር እንድትገዙና ኪራዩን ከተገኘ ብቻ እንድትቆጥሩት ነው።

ሲሸጥም ጣጣ አለው። ሻጩ የስፔን ነዋሪ ካልሆነ ገዢው ከዋጋው 3 በመቶ ቆርጦ ለግብር ቢሮ ያስገባል፤ ከሚከፈለው ግብር የተረፈ ካለ ሻጩ አመልክቶ ያስመልሳል። ኑዛዜም እዚያው ኖታሪዮ ዘንድ ማድረግ ይሻላል። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የውጭ ዜጋ ውርሱ በዜግነት አገሩ ሕግ እንዲታይ በኑዛዜው መምረጥ ይችላል። ይህን ካልጻፈና ኑሮው እዚያው ስፔን ከሆነ ግን የስፔን ሕግ ይሠራበታል፤ ያ ሕግ ደግሞ ከውርሱ ትልቁን ድርሻ ለልጆች ስለሚያስቀር ቤቱን ሙሉ በሙሉ ለሚስቴ እተዋለሁ ያለ ባል ሐሳቡ ላይሳካ ይችላል።