«በ1973 ሁሉም ተቃጥሏል» አትበሉኝ፦ እሳት አጥፊ ወታደር የነበሩ አያታችሁን ስትፈልጉ የሚያሳስቷችሁ ነገሮች

«ፋይሉ በ1973 ተቃጥሏል፤ ምንም የለም።»

በአሜሪካ ጦር ያገለገሉ አያታቸውን ማህደር ከሚፈልጉ ሰዎች ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት መቁጠር ትቻለሁ። ለእያንዳንዱ ሰው ደግሜ ደጋግሜ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

የባለቤቴ አያት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ምድር ጦር እሳት አጥፊ ነበሩ። ስለ ጦርነቱ ሲጠየቁ «እሳት አጠፋ ነበር» ብለው ዝም ይሉ ነበር አሉ። እንዲሁ ዝም እንዳሉ አረፉ። ታሪካቸውን ፈልጎ ማግኘት ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ ከአሜሪካ ቤተሰብ ጋር የተጋቡ ወዳጆቼ የአማቶቻቸውን ካርቶን እያመጡ «እስቲ እዪልኝ» ይሉኛል። ካርቶኑ ይለያያል፣ ስህተቱ ግን ያው ነው። እዚህ የምጠቅሳቸው ቀኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ቃጠሎው መጀመሪያ እውነቱን ላስቀምጥ። ጁላይ 12 ቀን 1973፣ እኩለ ሌሊት እንዳለፈ፣ ሴንት ሉዊስ አጠገብ የነበረው የወታደር ማህደሮች ማከማቻ ስድስተኛ ፎቅ በእሳት ተያያዘ። ማህደሮቹ ያሉበት ክፍል ከጣራ ውሃ የሚረጭ መሣሪያ አልነበረውም። ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን ማህደር እሳት በላው። ከኖቬምበር 1 ቀን 1912 እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 1960 ከምድር ጦር የተሰናበቱ ሰዎች ማህደር 80 በመቶ ገደማው ጠፋ። ግልባጭ አልነበረም። የትኛው ማህደር እዚያ እንደነበረ የሚናገር ዝርዝርም አልነበረም።

ከባድ ኪሳራ ነው፤ አላቃልለውም። ግን 80 በመቶ ማለት መቶ በመቶ አይደለም! ከአምስት ሰው የአንዱ ማህደር ተርፏል ማለት ነው፣ የእናንተ አያት ደግሞ ያ አንዱ እንዳልሆኑ ሳትጠይቁ በምን አወቃችሁ? ከዚያም ሌላ፣ የነደደውና የራሰው ሁሉ አልተጣለም። 6.5 ሚሊዮን ያህል ማህደር፣ ጠርዙ የከሰለ፣ ውሃ የጠጣ፣ እርስ በርሱ የተጣበቀ፣ ከፍርስራሹ ወጥቶ እንዲደርቅ ተደርጓል። ዛሬም አንድ ሰው ጥያቄ ሲያቀርብ ባለሙያዎች ያንን የተጎዳ ወረቀት በጥንቃቄ ገልጠው ያነቡታል። የባሕር ኃይልና የማሪን ማህደሮችን ደግሞ ያ እሳት አልነካቸውም። አያቱ የባሕር ኃይል ሰው ሆነው ሳለ «ተቃጥሏል» ሲባል ሰምቶ ለዓመታት እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ሰው አውቃለሁ። «ማን ነገረህ?» አልኩት። «ሁሉም ሰው» አለኝ። ጽፎ ሲጠይቅ ወፍራም ፖስታ መጣለት።

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ሰው «ማህደር» ሲባል አንድ ሰማያዊ ፋይል ብቻ ይታየዋል። ጦር ሠራዊት እኮ አንድን ሰው አንድ ቦታ ብቻ ጽፎ አያበቃም። ደሞዝ ሲከፍለው ይጽፈዋል፣ ሲታመም ይጽፈዋል፣ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላው ሲያዛውረው ሁለቱም ክፍሎች ይጽፉታል። የመጨረሻ ደሞዝ የተከፈለበት ሰነድ አለ፣ እሱም የመለያ ቁጥሩንና የስንብቱን ቀን ይይዛል። እያንዳንዱ ሻምበልና ራሱን ችሎ የሚሠራ መቶ (ከሻምበል የሚያንስ የጦር ክፍል) የሚሞላው የጠዋት ሪፖርት አለ። የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ጥቅማ ጥቅም የጠየቁ ሰዎችን ፋይል ለብቻው ይይዛል። አንዳንድ ክፍላተ ሀገርም ለተመላሽ ወታደሮች ጉርሻ ሲከፍሉ ያስሞሉት ማመልከቻ አለ። እነዚህ ሁሉ ከተቃጠለው ማህደር ውጭ ያሉ ወረቀቶች ናቸው።

ማንም የማይሄድበት ቦታ ደግሞ አለ፤ የወረዳ ፍርድ ቤት። ከጦርነቱ የተመለሱ ወታደሮች የስንብት ወረቀታቸውን እንዳይጠፋባቸው በሚኖሩበት ወረዳ መዝገብ ቤት እንዲያስመዘግቡ ይመከሩ ነበር፤ ብዙዎችም አስመዝግበዋል። ጸሐፊው ቃል በቃል ገልብጦ ወይም ፎቶ አንስቶ መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። የባለቤቴን አያት ወረቀት ያገኘሁት እዚያ ነው። አማቴ ለ15 ዓመት መሳቢያዋ ውስጥ ያስቀመጠችው ደብዳቤ «ማህደሩ በቃጠሎው ከጠፉት አንዱ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ይጀምራል። እሷ እዚያው ላይ አጠፈችው። ሁለተኛው አንቀጽ «እነዚህን መረጃዎች ከላካችሁልን ከሌሎች ሰነዶች ልናሰባስብ እንችላለን» ይል ነበር፤ የሚሞላ ቅጽም ተያይዟል። እባካችሁ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አንብቡ።

«ቅርብ ዘመድ ካልሆንኩ አይሰጡኝም» የሚሉም አሉ። ሰውየው ከተሰናበቱ 62 ዓመት ካለፈ ማህደሩ ለማንም ክፍት ነው። በ1945 የተሰናበተ ሰው ማህደር ከተከፈተ ቆይቷል። የኮፒ ይከፈላል፣ በቃ።

«አያቴ በፈቃዱ ነው የዘመተው።» ሊሆን ይችላል። የምድር ጦር መለያ ቁጥሩን እዩ፤ በ1 የሚጀምር በአብዛኛው በፈቃዱ የገባ ነው፣ በ3 የሚጀምር ደግሞ በግዳጅ የተጠራ። ግማሹ ቤተሰብ እዚህ ላይ ያኮርፈኛል። ምን ላድርግ፣ ቁጥሩን እኔ አልሰጠሁ።

አሁን ወደ እሳት አጥፊነቱ። «የእሳት አደጋ ክፍል» ብለው ፈልገው ምንም ሲያጡ «አያቴ ዋሽቶን ይሆን?» የሚሉ ሰዎች ያሳዝኑኛል። አልዋሹም፤ እናንተ የፈለጋችሁበት ቦታ ነው የተሳሳተው። የምድር ጦሩ ራሱን የቻለ የእሳት አደጋ ጦር አልነበረውም። የጦር ሰፈሮች ግንባታና ጥገና በዲሴምበር 1941 ከስንቅና ትጥቅ ወደ መሐንዲሶች ሲዛወር የእሳት መከላከሉም ሥራ በመሐንዲሶች ሥር ሆነ። ስለዚህ አያታችሁን መሐንዲሶች ውስጥ ፈልጓቸው፤ «የመሐንዲስ እሳት ማጥፊያ መቶ» የሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች ነበሩ። አየር ማረፊያ ላይ ከነበሩ ከአቪዬሽን ክፍሎች ጋር ይሆናሉ። እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ፦ አየር ኃይል ራሱን ችሎ የቆመው በሴፕቴምበር 1947 ነው፣ ስለዚህ በ1945 የተሰናበተ የአየር ማረፊያ እሳት አጥፊ በማህደር ቋንቋ የምድር ጦር ሰው ነው። በባሕር ኃይል ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ ለእሳት አጥፊ ስፔሻሊስቶች ለብቻው የተሰጠ ማዕረግ ነበር፤ በወረቀቱ ላይ «ስፔሻሊስት» የሚለው ቃል አጠገብ «ኤፍ» የምትል ፊደል ካያችሁ እሱ ነው።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው «የክፍለ ጦሩን ታሪክ አነበብኩ፣ ስሙ የለም» የሚለው ነው። አይኖርም! እነዚህ ትንንሽ መቶዎች የየትኛውም ክፍለ ጦር አካል አልነበሩም። ዛሬ ለወደብ፣ ነገ ለነዳጅ ማከማቻ፣ ከነገ ወዲያ ለአየር ማረፊያ ይመደቡ ነበር። የክፍሉ የራሱ ሰነድ ካለ ሜሪላንድ ውስጥ ኮሌጅ ፓርክ ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ የአየር ኃይሎቹ ደግሞ አላባማ ውስጥ ማክስዌል ባለው የአየር ኃይል ታሪክ ምርምር ተቋም ነው የሚፈለገው። ብዙ ጊዜ ቀጭን ነው፣ አንድ ሁለት ገጽ። ግን የት እንደነበሩ ይነግራችኋል፣ ያ ደግሞ ብዙ ነው።

«የስንብት ወረቀቱ ሁሉንም ይነግረናል።» ይሄኛውም ሰላም አይሰጠኝም። የስንብት ወረቀት የሚጽፈው ሰውየው ሲሰናበት የነበረበትን ክፍል ነው። የመጨረሻውን ብቻ! በሜይ 1945 ጦሩ ማን ቀድሞ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ በነጥብ መወሰን ጀመረ። ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ወር 1 ነጥብ፣ ለእያንዳንዱ የባሕር ማዶ ወር ሌላ 1፣ ለእያንዳንዱ የዘመቻ ኮከብ ወይም ሜዳልያ 5፣ ለአንድ ልጅ 12 (እስከ ሦስት ልጅ)። 85 የሞላለት ይሄዳል። ስለዚህ ብዙ ነጥብ ያላቸው ወደ አገር የሚመለሱ ክፍሎች ውስጥ ይገቡ ጀመር፣ ጥቂት ነጥብ ያላቸው ደግሞ ወደሚቀሩት ተዛወሩ። ዕድሜውን ሙሉ እሳት ሲያጠፋ የከረመ ሰው ለመጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታት የጭነት መኪና ሻምበል ውስጥ ይገባና ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው እሱ ይሆናል።

በእኛ ቤት የሆነው ይኸው ነው። የፍርድ ቤቱ ግልባጭ የጭነት መኪና ሻምበል ይላል። አጎትየው ያንን ይዞ «አባባ ሾፌር ነበር እንጂ እሳት አጥፊ አልነበረም» ብሎ ለልጆቹ ሁሉ ነገረ። የገዛ አባቱን ቃል ለአንድ መስመር ወረቀት ሸጠው። እውነቱን ያወጣው የፖስታ ኤንቨሎፕ ነው። አያትየው ለሚስታቸው የጻፉት ደብዳቤ ራሱ የረባ ነገር የለውም፣ ሳንሱር ስለነበር ያሉበትን መጻፍ አይችሉም። የላኪ አድራሻው ላይ ግን ስማቸው፣ የመለያ ቁጥራቸው፣ የመሐንዲስ እሳት ማጥፊያ መቶው ቁጥርና የጦር ፖስታ ቤቱ ቁጥር ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ያ የፖስታ ቁጥር ከቀኑ ጋር ሲገጣጠም ቦታውን ይሰጣል። ደቡብ ጣሊያን፣ ፎጂያ አካባቢ፣ ቦምብ ጣዮቹ የሚነሱባቸው አየር ማረፊያዎች። ስለዚህ ደብዳቤ አንብባችሁ ኤንቨሎፑን እንዳትጥሉ፤ አንዳንዴ ከደብዳቤው ኤንቨሎፑ ይበልጣል።

ወረቀቱ ላይ የተዘረዘሩ የዘመቻ ስሞችንም በልክ ያዙ። «ኔፕልስ-ፎጂያ» የሚል ስላለ አያታችሁ ቦይ ውስጥ ሆነው ተኩሰዋል ማለት አይደለም። ክፍላቸው በዚያ ጊዜ በዚያ የዘመቻ ቀጣና ውስጥ ነበር ማለት ነው።

ይህን ስል ደግሞ ተቃራኒው ስህተት ይመጣል፤ «እንግዲያው ከኋላ ተቀምጦ ነው የከረመው።» ይህን የሚል ሰው የተመታ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሲያርፍ ምን እንደሚሆን አስቦ አያውቅም። ክንፉ ውስጥ ቤንዚን አለ፣ መትረየሱ ላይ በሰንሰለት የተደረደረ ጥይት አለ፣ አንዳንዴም ያልተጣለ ቦምብ አለ፣ ውስጡ ደግሞ በሕይወት ያሉ ልጆች አሉ። ሁሉም ከአውሮፕላኑ ሲሸሽ እሳት አጥፊው የአስቤስቶስ ልብሱን አጥልቆ፣ አረፋ እያስረጨ ወደ አውሮፕላኑ ነው የሚሮጠው። ጥይቱ በሙቀቱ ብቻ ይተኮሳል፣ ወዴት እንደሚሄድ ማንም አያውቅም። ወደቦቹም እንደዚያው ነበሩ። የጣሊያኗ ባሪ ወደብ ዲሴምበር 2 ቀን 1943 በጀርመን አውሮፕላኖች ስትደበደብ ከተመቱት መርከቦች አንዷ በምስጢር የሰናፍጭ ጋዝ ቦምብ ጭና ነበር። ፐርል ሃርበር ውስጥ ዌስት ሎክ በሚባለው ቦታ ሜይ 21 ቀን 1944 ለሳይፓን ዘመቻ ጥይትና ነዳጅ የጫኑ መርከቦች ፈንድተው ስድስት ትልልቅ ማረፊያ መርከቦች ሰመጡ፣ 163 ሰው ሞተ፤ ጠላት አንድ ጥይት አልተኮሰም። «ከኋላ» ማለት ይህ ከሆነ፣ ከኋላም ጦርነት ነበር።

«ሁሉም ኢንተርኔት ላይ አለ።» የለም። በነፃ የሚገኘው የምልመላ ዝርዝር 9 ሚሊዮን ያህል ስም አለው፣ ጥሩ መነሻ ነው። የሚነግራችሁ ግን ሰውየው ሲገባ የነበረውን ነው፤ የት ተወለደ፣ ምን ይሠራ ነበር፣ የት ተመዘገበ። ካርዶቹ በማሽን ስለተነበቡ ስሞች ተበላሽተዋል፣ በስም ካጣችሁት በመለያ ቁጥር ሞክሩ።

እንዲያውም አንድ ነገር ብቻ ከያዛችሁ የመለያ ቁጥሩን ያዙ። ተመሳሳይ ስም ያለው ሰው ብዙ ነው፣ ቁጥሩ ግን የአንድ ሰው ነው። ኤንቨሎፕ ላይ፣ አንገት ላይ በሚንጠለጠለው ቆርቆሮ ላይ፣ የጦር ሻንጣው ክዳን ላይ ፈልጉት። ከዚያ የክፍሉን ስምና የወሩን ጊዜ ጨምራችሁ የጠዋት ሪፖርቱን ጠይቁ። የጠዋት ሪፖርት የሰውን ውሎ አይተርክም፣ ለውጥ ብቻ ነው የሚመዘግበው፦ ማን መጣ፣ ማን ሄደ፣ ማን ታመመ፣ ማን ማዕረግ አገኘ። ምንም ያልሆነ ሰው ስሙ ለወራት ላይነሳ ይችላል። እና «ስሙ የለም» ብላችሁ አትመለሱ፤ የሚቀጥለውን ወር ግለጡ።

እኔ አምስተኛው ወር ላይ ነው ያገኘኋቸው። አንድ መስመር ናት፦ ከሥራ ወደ ሆስፒታል፣ በግዳጅ ላይ። ከ11 ቀን በኋላ ሌላ መስመር፦ ከሆስፒታል ወደ ሥራ። ምክንያቱ አልተጻፈም። ከጦሩ የሕክምና ክፍል የተረፉ የሆስፒታል መግቢያ ካርዶች ግን አሉ፣ በመለያ ቁጥር የሚፈለጉ። ቁጥሩን ሳስገባ ካርዱ ወጣ። ቃጠሎ፣ እጅ ይላል።

ለአማቴ ደውዬ አነበብኩላት። የአባቷ የግራ እጅ ጀርባ ለስላሳ ነበር፣ ፀጉር አያበቅልም። ልጅ ሆና «ምን ሆነህ ነው?» ስትለው «ምጣድ አቃጥሎኝ ነው» ይላት ነበር።